አልጎሪዝምና ኦፕቲማይዜሽን ላይ ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ፣ ከሐዋሳ ሆኜ ከየት ልጀምር?

አሞራ_ገደል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ በቅድሚያ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። 29 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬም ማስተርሴም ሒሳብ ነው። ቴሲሴን የሠራሁት ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ላይ ነው፣ ያው ሁሉም የሚሠራው የትራንስፖርቴሽን ፕሮብሌም፦ ዕቃን ከመጋዘን ወደ ገበያ በትንሹ ወጪ ማድረስ። ውጤቴ 3.4። የታተመ ጽሑፍ የለኝም። አሁን አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ፓይተን እነካካለሁ።

ፒኤችዲዬን አልጎሪዝምና ኦፕቲማይዜሽን ላይ መሥራት ነው የምፈልገው። ግን ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገባኝ። አብረውኝ ከተማሩት ግማሹ ባንክ ገብቷል፣ የቀረው ሃይስኩል ያስተምራል። ቴሌግራም ላይ በየቀኑ "ፉሊ ፈንድድ" የሚል ይለቀቃል፤ ስከፍተው ወይ ለማስተርስ ነው፣ ወይ የሕዝብ ጤና ነው፣ ወይ ጊዜው አልፏል። አምና አርባ ለሚሆኑ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላክሁ። አንድ መልስ መጣልኝ። እሱም "እስከ ሰኞ ቢሮ የለሁም" የሚል በራሱ የሚላከው ዓይነት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም። የአጎቴ ልጅ በአይሱዙ የታሸገ ውሃ ያከፋፍላል። በቀን 23 ሱቅ ይደርሳል። ከመናኸሪያ አካባቢ ተነስቶ ፒያሳ፣ አቶቴ፣ ሪፈራል፣ እስከ ቱላ መውጫ ድረስ። ነዳጅ ሲወደድበት "አንተ ሒሳብ ተምረህ የለም እንዴ? እስቲ መንገዱን አሳጥርልኝ" አለኝ። መንገዶቹን ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ አወረድኩ፣ ኦር ቱልስ በሚባለው የጉግል ነፃ ሶፍትዌር ፈታሁት፣ በቀን 58 ኪሎ ሜትር የሚነዳውን 41 አደረስኩለት። ደስ ብሎኝ አትሜ ሰጠሁት።

ሹፌሩ ጋሼ ሃምሳዎቹን ያለፈ ሰው ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየና ሳቀ። "ይሄ ሱቅ ከሦስት ሰዓት በፊት አይከፍትም። ይቺ ሴትዮ ጠዋት ከሄድክባት ገንዘብ የለኝም ትልሃለች፣ ከሰዓት ከሄድክ ግን ቆጥራ ትሰጥሃለች። በዚህ በኩል ደግሞ በ19 ገብርኤል ነው፣ መኪና አታስገባም።" አንድ ቀን በኔ መንገድ ሞከሩት። ስድስት ሱቅ ሳይደርሱ መሸባቸው። ወረቀቱ አሁን ጋቢና ውስጥ ተለጥፏል፣ ለመሳቂያ። ይሄን ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልደብቀው?

ዋናው ጥያቄዬ ግን እንደኔ ዓይነቱን የሚቀበል ቦታ አለ ወይ ነው። የማመልክተውስ ሒሳብ ነው ኮምፒውተር ሳይንስ? ደግሞ አንድ ባልደረባዬ የሊኒየር ፕሮግራሚንግ መፍቻውን ዘዴ አንስቶ "ሲምፕሌክስ በ1947 ያለቀ ነገር ነው፣ ይልቅ ኤአይ ተማር" ብሎኝ ከዛ ቀን ጀምሮ ልቤ ተከፍሏል።


ተራ_አስከባሪ

እኔ ፒኤችዲ ሳይኖረኝ መናኸሪያ ላይ ስንቱን ሚኒባስ አሰልፌያለሁ። አልጎሪዝሙ ፊሽካ ነው። ኦፕቲማይዜሽኑ ደግሞ ረዳቱን በስድብ ነው።

የምር ግን ወንድሜ፣ ቴሌግራም ላይ "አድሚሽን እናስጨርሳለን" ብሎ ብር የሚጠይቅህን እንዳትሰማ። የእህቴ ልጅ ከፍሎ የተላከለት ደብዳቤ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም ራሱ ፊደሉ ተሳስቶ ነበር። ቁም ነገሩን ለምሁራኖቹ ለቀቅኩ።


ግራፍ_ሰሪው

ወንድሜ፣ እንዳትደብቀው! ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው የአይሱዙው ታሪክ ላይ ነው። የትራንስፖርቴሽን ፕሮብሌም ቴሲስ ያለው ሰው ሞልቷል። የጋሼ ሳቅ ግን ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 1959 ዳንዚግና ራምሰር ቤንዚን ወደ ማደያዎች የሚያደርሱ ቦቴዎችን እንዴት እናሰማራቸው ብለው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ዛሬ የተሽከርካሪ ስምሪት ችግር የሚባለው ሰፊ ዘርፍ የተነሳው ከዛ ነው። ያንተ ውሃ ከነሱ ቤንዚን በምንም አይለይም። "ከሦስት ሰዓት በፊት አይከፍትም" ያለህ ታይም ዊንዶው ይባላል፣ ብዙ የተሠራበት ነው፣ ኦር ቱልስ ውስጥም አለ፤ አንተ ሳታስገባው ቀርተህ ነው፣ ይሄ ጥፋት ያንተ ነው። የሴትየዋ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ ሱቅ የምታገኘው ገንዘብ በደረስክበት ሰዓት ይለያያል፣ ያውም እርግጠኛ አይደለም፣ በግምት ነው። ከርሷ ያልሰበሰብከው ብር ደግሞ ነገ የምትጭነውን ውሃ ይቀንሳል። ስለዚህ ዛሬ አጭር የሆነው መንገድ ሳምንቱን ስታየው የሚያከስር ሊሆን ይችላል። ይሄን መጀመሪያ በሒሳብ ራሱ እንዴት እንደምትጽፈው ማሰብ አለብህ። ለፒኤችዲ የሚሆን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ሲቪህ ላይ "ፓይተን፦ በጣም ጥሩ" ከምትል ይሄን በሦስት መስመር ጻፈው። ስድስቱን ሱቅ ሳይደርሱ መቅረታቸውንም ጨምረህ።

አሁን ወደ ቦታው። "ስኮላርሺፕ" የምትለዋን ቃል ለጊዜው እርሳት። ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ አብዛኛው ፒኤችዲ ሥራ ነው። እኔ ጀርመን ነኝ፣ ውል ፈርሜ ነው የምሠራው፣ ደመወዜ ላይ ግብርም ጡረታም ይቆረጥብኛል (እናቴ እስካሁን "ተማሪ ደመወዝ አለው እንዴ" ትለኛለች)። ኔዘርላንድስ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ነው፣ ዴንማርክ 3። ስለዚህ የምትፈልገው የሥራ ማስታወቂያ ነው፣ እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ። ዩራክሰስ የሚባለው የአውሮፓ ተመራማሪዎች የሥራ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። የኔዘርላንድሱ አካዳሚክ ትራንስፈር ላይ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ዲኤምኤኔት የሚባል የኢሜይል ዝርዝር አለ፣ ዲስክሪት ማቲማቲክስና አልጎሪዝም ላይ ብቻ ያተኮረ፣ በነፃ ትመዘገባለህ፣ ኢሜይልህ በማስታወቂያ ይጥለቀለቃል። ግማሹ የኮንፈረንስ ጥሪ ነው፣ እሱን እያለፍክ "የዶክትሬት ቦታ" የሚለውን ብቻ ክፈት።

ላንተ ዝንባሌ በርሊን ያለው ዙዘ ኢንስቲትዩት አንዱ ነው። ስኪፕ የሚባለውን ሶልቨር (የኦፕቲማይዜሽን ችግር የሚፈታ ሶፍትዌር) የሠሩት እነሱ ናቸው፣ ከ2022 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ኦፕን ሶርስ ሆኗል፣ ዛሬ ማታ አውርደህ ልትሞክረው ትችላለህ። ቦን ዩኒቨርሲቲ የዲስክሪት ሒሳብ ተቋም አለ፣ ኮምቢናቶሪያል ኦፕቲማይዜሽንን ለቺፕ ዲዛይን በማዋል ይታወቃል። ቲዎሪው ከበለጠብህ ዛርብሩክን ማክስ ፕላንክ ኢንፎርማቲክስ አለ። ኦስትሪያ ውስጥ ኢስታ የሚባለው ደግሞ አመልካቹን በማዕከል ነው የሚቀበለው፤ መጀመሪያ ፕሮፌሰር ማግኘት ግዴታ አይደለም፣ በመጀመሪያው ዓመት የተለያዩ ቡድኖች ውስጥ እየዞርክ ሠርተህ ነው የምትመርጠው። የማመልከቻ ክፍያም የለውም፣ ከኛ አገር ዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

ዳድን (የጀርመኑን የስኮላርሺፕ ድርጅት) ካሰብክ የመጨረሻ ዲግሪህን ከያዝክ ስንት ዓመት እንደሆነህ ቁጠር። ብዙውን ጊዜ ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሆን ይፈልጋሉ። እኔ የማውቀው ልጅ "ዘንድሮ ልረፍ፣ ለከርሞ" ሲል ሲል አለፈችው።

ስለ ኢሜይልህ ላስቀይምህ ነው። ለአርባ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል ነው የላክኸው አይደል? "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ሥራዎን በታላቅ አድናቆት አንብቤ" የሚል? እኔም እንደዛ 63 ልኬያለሁ። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። 64ኛዋ ላይ ግን ምን ሆነ፣ የአንድ ፕሮፌሰርን ጽሑፍ እያነበብኩ ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ያለው ቁጥር አልመጣ አለኝ። ሁለት ቀን በእጄ፣ አንድ ቀን በኮድ ሞከርኩት፣ አልመጣም። በአራት መስመር "እኔ ያገኘሁት 17 ነው፣ ጽሑፉ 18 ይላል፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ብዬ ጻፍኩ። ፒኤችዲ የሚል ቃል አላነሳሁም። በማግስቱ መለሰልኝ፣ የተሳሳተው እሱ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ቦታ ሲከፍት ራሱ ላከልኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልልህም። ግን ከአርባው ሦስቱን ምረጥና የእያንዳንዳቸውን አንድ ጽሑፍ በእርሳስ እየሠራህ አንብብ። የምትጠይቀው ነገር አታጣም።


አሞራ_ገደል (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ አንድ ዓይነት ነው የላክሁት። እንዲያውም የአንዱን ስም ሳልቀይር ለሌላው የላክሁትም አለ 🤦🏾

የ1947ቱን ነገር ግን ማንም አልነካልኝም። ሒሳብ ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚለውንም።


የአዳማ_ነፋስ

እሱን ለኔ ተወው። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ሁለተኛ ዓመት የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፣ የሄድኩት በቀጥታ ከመጀመሪያ ዲግሪ ነው። (እዚያ ማስተርስ ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ነው የማነሳው።)

ባልደረባህን እንዲህ በለው። ሲምፕሌክስ በ1947 መጣ፣ እሺ። በ1972 ክሊና ሚንቲ የሚባሉ ሰዎች ሲምፕሌክስን ጥግ ለጥግ እያዞረ የሚያንገላታ ምሳሌ ሠሩ። በ1979 ካቺያን፣ በ1984 ካርማርካር ሌላ መንገድ አመጡ። ታዲያ እነዚህ ሁሉ አልፈው የእርምጃው ብዛት በቁጥሮቹ ትልቅነት ሳይሆን በብዛታቸው ብቻ የሚወሰን ፈጣን ዘዴ አለ ወይ የሚለው እስከ ዛሬ አልተፈታም። አንተ ቴሲስ የጻፍክበት ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ላይ ማለት ነው፣ ሩቅ አገር አይደለም!

ሌላም ልጨምርልህ፣ ይቺን በጣም ነው የምወዳት። ሁሉንም ከተማ አንዴ ዞሮ የሚመለሰውን ነጋዴ ታውቀዋለህ። በ1976 ክሪስቶፊደስ ከምርጡ መንገድ ቢበዛ በግማሽ የሚረዝም መንገድ በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ አሳየ (ርቀቶቹ የተለመደውን ሕግ እስከጠበቁ ድረስ፣ ማለትም ቀጥታው መንገድ በሌላ ከተማ ዞሮ ከመሄድ እስካልረዘመ)። ከዛ በኋላ ዓለም ሁሉ "ግማሽ" የምትለዋን ዝቅ ለማድረግ ሲታገል ኖረ። በ2020 ሦስት ሰዎች ተሳካላቸው። በስንት ዝቅ አደረጓት? ከነጥብ በኋላ 35 ዜሮ ተደርድሮ ከዛ 1 በምትመጣ ቁጥር። 44 ዓመት ተጠብቆ! ለአይሱዙው አንድ ጠብታ ነዳጅ አያተርፍለትም። ግን ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ያኔ የፒኤችዲ ተማሪ ነበር። ኤአይ ተማር ላለህም፣ ኤአዩ ራሱ ሲሠለጥን ውስጡ የሚሠራው ኦፕቲማይዜሽን ነው፣ ምን እንዳጣላቸው አይገባኝም።

ሒሳብ ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ ላልከው መልሱ ሁለቱም፣ ደግሞ ሦስተኛም አለ። አሜሪካ ውስጥ አንተ የምትፈልገው ነገር በሦስት በር ነው የሚገባው። ሒሳብ ዲፓርትመንት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ እና ሰው የሚረሳው ኢንደስትሪያል ኢንጂነሪንግ ወይም ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚባለው። ጆርጂያ ቴክ እና ካርኔጊ ሜሎን ሦስቱን አጣምረው "አልጎሪዝም፣ ኮምቢናቶሪክስና ኦፕቲማይዜሽን" የሚል አንድ ፕሮግራም አላቸው፣ ስሙ ራሱ ያንተን ጥያቄ ይመስላል። ካናዳ ዋተርሉ ደግሞ "ኮምቢናቶሪክስና ኦፕቲማይዜሽን" የሚባል ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት አለ። እነዚህ ከባድ ናቸው፣ አልዋሽህም። ግን በሦስተኛው በር ብዙ ሰው የማያውቃቸው ጥሩ ቦታዎች አሉ፣ ያንተን የአይሱዙ ታሪክ በደንብ የሚረዱትም እዚያ ያሉት ናቸው።

አሠራሩ ከአውሮፓው ይለያል። ፕሮፌሰሩ ብቻውን አይደለም የሚቀጥርህ፣ ኮሚቴ ነው። 5 ዓመት አካባቢ ይፈጃል፣ ክፍያው ይሸፈንልሃል፣ አስተማሪ ረዳት ሆነህ ወር በወር ይከፈልሃል። ማመልከቻው አብዛኛው ዲሴምበር 15 አካባቢ ይዘጋል፣ በኛ ታኅሣሥ መጀመሪያ መሆኑ ነው። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል ወይም በፈቃድህ አድርገውታል፣ የየዲፓርትመንቱን ገጽ እይ። ለማመልከቻው ክፍያ ያስከፍላሉ፣ ግን በትህትና "ያለሁት ኢትዮጵያ ነው፣ ለዚህ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ይቸግረኛል" ብለህ ስትጽፍላቸው የሚምሩህ ብዙ ናቸው። እኔ ለዘጠኝ ቦታ ጠየቅሁ፣ ሰባቱ ማሩኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሌሎቹ አንባቢዎች። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እያለሁ ኮድፎርስስ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ውድድር ድረ ገጽ ላይ ነበር የምውለው የማድረው፣ ኤ2ኤስቪ የሚባለው ተማሪዎችን ኮዲንግ የሚያሠለጥን ድርጅት ጋም ነበርኩ፣ ማታ ማታ ነፋሱ መስኮቱን እያንኳኳ ጥያቄ እንፈታለን። ያ በጣም ጠቅሞኛል፣ ግን ፒኤችዲ ማለት እሱ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። አይደለም! ውድድር ላይ መልስ እንዳለ ታውቃለህ፣ ሁለት ሰዓት ነው፣ አረንጓዴ ይበራል። እዚህ ሰባት ወር የሠራሁበት ነገር ውሸት መሆኑን አንድ ማክሰኞ ቀን በአምስት ደቂቃ አወቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሽሮ ሠርቼ በላሁና ተኛሁ።


ወይዘሮ_ማትሪክስ

ልጆቹ ጥሩ ብለዋል። ግን ሁለቱም የሚያወሩት ቦሌን ከተሻገሩ በኋላ ያለውን ነው። እኔ ከመሻገሩ በፊት ስላለው ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ትራንስክሪፕትህ የት ነው ያለው? ዛሬ ጠይቅ፣ ነገ ሳይሆን። ወጪ መጋራትህን ካልከፈልክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክልህም፣ ኦሪጅናል ዲግሪውንም አታገኝም፣ ቴምፖራሪዋን ይዘህ ትዞራለህ። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቅር) ፋይሌን አጥፍቶት ሰባት ወር ተመላልሻለሁ። አንዷ መስኮት ወደዚያኛው፣ ያኛው ወደዚህኛዋ። በመጨረሻ የተገኘው የሌላ ተማሪ ፋይል ውስጥ ገብቶ ነው፣ ስማችን በአንድ ፊደል ይለያል። ቦታው ተቀብሎኝ ነበር፣ ጊዜው አለፈ። ከዛ ወዲህ ተማሪዎቼን ገና ሲመረቁ ሁለት ሦስት የታሸገ ኮፒ አውጡ እላቸዋለሁ። በዚያው "ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው" የሚል ደብዳቤም ጠይቅ፤ አንዳንድ ቦታ ከአይልትስ ክፍያ ያድንሃል፣ ሁሉም ጋ ግን አይሠራም።

የድጋፍ ደብዳቤውንም ቀላል አታድርገው። እኛ አገር ደብዳቤ የሚጽፈው ማነው? አንተ ጽፈህ ታመጣለህ፣ አማካሪው ይፈርማል። "ጨዋ፣ ታታሪና ሰዓት አክባሪ ነው" የሚል። እዚያ ያለው ኮሚቴ ሰዓት ማክበርህን ምን ያደርግለታል? አማካሪህ ጋ ሄደህ የአይሱዙውን ሥራ አሳየው፣ ከአንድ ገጽ ማስታወሻ ጋር። የሚጽፈው ነገር ስጠው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም ባዶ የሚጽፈው፣ ሁለት መቶ ተማሪ ይዞ አንተን ስለማያስታውስህ ነው።

አገር ውስጥ ያለውን ደግሞ ማንም አላነሳውም። እኔ ፒኤችዲዬን የምሠራው እዚሁ ነው፣ እያስተማርኩ፣ ልጅ እያሳደግሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ዲፓርትመንት ውስጥ ኦፕቲማይዜሽን ላይ የሚሠራ ሰው አለ፣ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትብብር ፕሮግራም (አይኤስፒ) ጋርም ለረጅም ጊዜ ሲተባበሩ ኖረዋል። ሳንድዊች የሚሉት፣ ማለትም ምዝገባህ እዚህ ሆኖ የተወሰነ ወር ውጭ ሄደህ የምትሠራው አካሄድ በዚህ ዓይነት ትብብር ነው የሚመጣው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም የዶክትሬት ፕሮግራሞች አሉት፣ ላንተ ከሐዋሳ ቅርብ ነው። ጥሩ ጎኑ ቤትህ ነህ። መጥፎ ጎኑም ቤትህ ነህ። ሳምንቱን አስተምሬ፣ ፈተና አርሜ፣ ልጅ አስተኝቼ ለምርምር የምትተርፈኝ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ያለችው ናት፣ መብራት ካለ። አማካሪዬ ደግሞ ስድስት ሰው ነው የያዙት፣ በወር አንዴ ካገኘኋቸው ዕድለኛ ነኝ። ሆኖም እየሄደ ነው፣ ሁለተኛ ጽሑፌን አስገብቻለሁ።

ማስተርስህ ደካማ ነው ብለህ የምትሰጋ ከሆነ ኤይምስን (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) እይ። በፈረንጆቹ 2003 ኬፕ ታውን የተጀመረ ነው፣ አሁን ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳም አለ። የአንድ ዓመት ገደማ ማስተርስ ነው፣ ወጪው ተሸፍኖ፣ አስተማሪዎቹ ከየአገሩ እየመጡ። "ሁለተኛ ማስተርስ ምን ሊረባኝ" ትል ይሆናል። ከኔ ተማሪዎች አንዷ በዚያ አልፋ ነው ፒኤችዲ የገባችው፣ ደብዳቤ የጻፉላት እዚያ ያወቋት ሰዎች ናቸው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረህ ብትሆን ደግሞ የትምህርት ፈቃድ ውልና ዋስ የሚባል ሌላ ጣጣ አለ። የግል ኮሌጅ መሆንህ ለጊዜው እፎይ ነው፣ ግን የራስህንም ውል አንብበው።


ግራፍ_ሰሪው

ማትሪክስ ልክ ነሽ፣ ስለ ወረቀቱ ረስቼው ነበር። እኔም ለውጭ ጉዳይ ማኅተም ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ። ሰው ከወጣ በኋላ ይሄን ይረሳዋል።

አንድ የማልስማማበት አለኝ። አገር ውስጥ መሥራት ጥሩ ነው፣ ግን ሳንድዊቹ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ እንዳይገባ። "ይመጣል" ተብሎ ሦስት ዓመት የጠበቁ አውቃለሁ።


ወይዘሮ_ማትሪክስ

በዚህስ እንስማማለን። እኔም ከጠባቂዎቹ አንዷ ነኝ።


አሞራ_ገደል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አመሰግናለሁ። እትዬ ማትሪክስ፣ እርስዎ ያሉትን ሳነብ ደነገጥኩና ዛሬውኑ ሬጅስትራር ደወልኩ። ወጪ መጋራቴ 11 ሺህ ምናምን ቀርቶብኛል። ፋይሉ ግን አለ፣ በስልክ ላይ ሆና አረጋገጠችልኝ፣ ዓይኗ እያየው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት።

ኢሜይል የምልክላቸውን ወደ ሦስት አውርጃለሁ። ዲኤምኤኔትም ተመዝግቤያለሁ፣ እውነትም ይጥለቀለቃል።

ጋሼንም አናገርኩት። ከቅዳሜ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት አብሬው ጋቢና ልቀመጥ ነው፣ ደብተር ይዤ፣ የቱ ሱቅ በስንት ሰዓት ስንት ብር እንደሰጠ ልጽፍ። መጀመሪያ "ሰላይ ነህ እንዴ" አለኝ። ሲገባው "ታዲያ እኔም ዶክተር እሆናለሁ ማለት ነው?" አለና አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፣ የቁርስ ሒሳብ በኔ ነው።


ወይዘሮ_ማትሪክስ

አንቺ በለኝ፣ ገና አላረጀሁም። ሁለት ሳምንቱ ውስጥ 19 እንድትገባ አድርገህ ቁጠረው።


ተራ_አስከባሪ

ቁርሱ ፍርፍር ከሆነ ግድ የለም። አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ ካላችሁ ግን ፒኤችዲው ሳይጀመር በጀቱ ያልቃል።